ቀድሞ የሚያንኳኳ

ሰበታ ያለውን ብየዳ ቤት ትተውልኝ ያረፉት አጎቴ አንድ ልማድ ነበራቸው። በሥራችን ሰው ከተጎዳ፣ እህል ሳይቀምሱ ቤቱ ድረስ ሄደው «ጥፋቱ የእኔ ነው» ይላሉ። «የጎዳ ሰው ቀድሞ ያንኳኳል» ይሉኝ ነበር።

ከአርባቸው በኋላ መሳቢያቸው ውስጥ የኢንሹራንስ ውል አገኘሁ፤ በሥራችን ሌላ ሰው ቢጎዳ የሚክስ። «ያለ ድርጅቱ ፈቃድ ጥፋተኛ ነኝ ማለት ክልክል ነው» ይላል። ከሥሩ የአጎቴ ፊርማ አለ። ሳያነቡት ፈርመው ይሆን? ወይስ አንብበውም ነው ሲያንኳኩ የኖሩት? ግራ ገባኝ። አሁን ማንን ልጠይቅ?

ሰኞ ዕለት ግድግዳ ያስደገፍነው የብረት በር ወድቆ የአንዲት ደንበኛችንን እግር ሰበረ። ኢንሹራንሶቹ ጋ ስደውል «እስክናጣራ ድረስ ምንም እንዳትናገር» አሉኝ። እሺ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ግን ምግብ አልወርድ አለኝ።

ዛሬ፣ በሦስተኛው ቀን፣ ሄጄ አንኳኳሁ። እናቷ ከፈቱልኝ። «አካም ቡልታን» ብዬ ሰላም አልኳቸው።

«ግባ ልጄ፣ ቆየህብን» አሉኝ። «ሰኞ ማታ ለአጎትህ ወንበር አውጥቼ ነበር፤ መሞታቸውን ረስቼው።»