ባዶ የመሰለኝ ሽጉጥ

ዛሬ ሸዋ ሮቢት፣ የተኩስ ሜዳ ላይ፣ አንዲት ወጣት አሠልጣኝ እጄን አፈፍ አድርጋ ሽጉጡን ወደ መሬት መለሰችው።

የማሾ ማሳችንን ስጠብቅ የኖርኩት በሟቹ ባለቤቴ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ነው። እሱን ሲከፍቱት ጥይቱ ሁሉ ይታያል። ዛሬ ግን ባለካዝና ሽጉጥ ሞከርኩ፤ አተኳኮሱ ቀልጠፍ ያለ ነው፣ ወደድኩት።

የጥይት ካዝናውን አውጥቼ «በቃ፣ ባዶ ነው» እያልኩ፣ ሽጉጡን እንደያዝኩ አብራኝ ወደመጣችው እህቴ ዞርኩ።

«እትዬ፣ አንድ ጥይት ጎርሶ ቀርቷል እኮ!» አለች አሠልጣኟ እጄን እንደያዘች። የሽጉጡን ላይኛ ክፍል ወደ ኋላ ስትስበው ጥይቱ እግሬ ሥር ወደቀ።

እህቴ፣ «እኔን ደፍተሽ ማሾውን ለብቻሽ ልትሸጪ ነው?» አለችኝ።

መምህርት ሳለሁ ለማንም ሙሉ ነጥብ ሰጥቼ አላውቅም። ለዚህች ልጅ ዛሬ ሰጠሁ።

እናንተስ፣ የቆየ ልማድ አሳስቷችሁ ማን ደረሰላችሁ?