ጎርባጣዋ የመቁጠሪያ ፍሬ

የጋለ ብረት ወይራ ሲነካ የሚወጣው ሽታ ዛሬም በአንድ አናጺ ቤት ደጃፍ ሳልፍ ድንገት ያገኘኝና ወደ ደባርቅ፣ ወደ ልጅነቴ ምድጃ ዳር ይመልሰኛል። አባቴ ሞፈርና ቀንበር ጠራቢ ነበር። ክረምት ገብቶ ጭጋጉ እስከ ደጃችን ሲወርድና የውጭ ሥራ ሲቆም ግን፣ ከሊማሊሞ ቁልቁለት ለቅሞ ያመጣውን ደረቅ የወይራ ቅርንጫፍ ከምድጃው በላይ ካለው ቆጥ አውርዶ፣ በቢላ እየቆራረጠ፣ በድንጋይ እያሸ፣ በጋለ ወስፌ እየበሳ የጸሎት መቁጠሪያ ይሠራ ነበር።

ሲሠራ አንድ ሕግ ነበረው፤ አንዲት ፍሬ በበሳ ቁጥር ለአንድ ነገር «ተመስገን» ይላል። ነገሩ ትልቅ መሆን አልነበረበትም፤ ጣሪያው ስላላፈሰሰ፣ ላሟ ስለታለበች፣ እኔን ሳሌ ስለተወኝ። እያጉረመረሙ የበሱት ፍሬ ይሰነጠቃል ብሎም ያምን ነበር። እናቴ ጥጥ እየፈተለች፣ «የሚሰነጠቅስ እንጨቱ እርጥብ ሲሆን ነው፤ አንቱ ግን ምስጋናዎን አይተዉ» እያለች ትተርበው ነበር። እኔም ገና ፊደል ሳልቆጥር በረከት መቁጠር ጀመርኩ።

አንድ ዓመት በበጋው ማብቂያ፣ የጎረቤት ቤት ሲያቆሙ ግንድ ሾልኮ በአባቴ ቀኝ እጅ ላይ ወደቀ። አጥንቱን ወጌሻ ጠግኖት ገጠመ፤ ጣቶቹ ግን መታጠፍ እምቢ አሉ። ከዚያ ወዲያ መጥረቢያውን ሳይነካ፣ ክረምቱን ሙሉ ጋቢውን ተከናንቦ ወደ ግድግዳው ዞሮ ይቀመጥ ነበር። ማሳችንን ጎረቤት በደቦ አርሶልን ስለነበር ረሃብ አላየንም። እኔን ያስፈራኝ ዝምታው ነበር፤ «ተመስገን» ሲል አንድ ቀን እንኳ አልሰማሁትም። አባቴ ከቤት ሳይወጣ ትቶን የሄደ ይመስለኝ ነበር።

መስከረም ጠብቶ አደይ ሲፈነዳ የንስሐ አባታችን ጠበል ሊረጩ መጡ። የእሳቸው መቁጠሪያ ክሩ በስብሶ ፍሬው ተበትኖባቸው ስለነበር፣ አባቴ ከመጎዳቱ በፊት ለጥምቀት አዲስ ሊሠራላቸው ቃል ገብቶላቸው ነበር። እሳቸው ነገሩን ሳያነሱ ባርከውን ሄዱ። አባቴ ግን «እንግዲህ ቃሌንም አጠፍኩ» ብሎ ለእናቴ ሲነግራት ሰማሁ።

በማግስቱ እናቴ ገበያ እንደወጣች፣ ቆጡ ላይ ተንጠላጥዬ ወይራውን አወረድኩ። የቆረጥኳትን ፍሬ በሁለት ድንጋይ መካከል አጣብቄ፣ ወስፌውን አግዬ ስበሳት፣ ጫፉ ከመሐል ሸሽቶ በጎን ወጣ። ቢሆንም ሕጉን ማፍረስ ስላልፈለግሁ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «አባዬ እጁ ስላልተቆረጠ ተመስገን» አልኩ።

ጋቢው ተንቀሳቀሰ። አባቴ ዞሮ እኔንም ፍሬዋንም ሲያይ ቆየና፣

«ከአንድ ወገን አይበሳም» አለኝ። «ግማሹን ከዚህ፣ ግማሹን ከዚያ፤ መሐል ላይ ይገናኛል።»

«እኔ ልያዝና አንተ ብሳው።»

እምቢ የሚለኝ መስሎኝ ነበር፤ ግን ቀረብ ብሎ ወስፌውን በግራ እጁ አነሳ። እጁ ስላልለመደ የመጀመሪያዋን አቃጠላት፤ ሁለተኛዋም ተጣመመች፤ ሦስተኛዋ ላይ ሁለታችንም ሳቅን። እናቴ ከገበያ ስትመለስ ምድጃው ዳር በጢስ ታፍነን አገኘችን።

«ሁለታችሁ ተደምራችሁ አንድ ደህና እጅ አልወጣላችሁም?» አለች።

«ወጥቶልናል» አላት አባቴ፤ ትንሽ አሰበና «ተመስገን» ብሎ ጨመረ። እናቴ ዘንቢሏን አስቀምጣ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፤ ጢሱ ነው አለችን።

በጥር፣ ውርጩ ሜዳውን ሲያነጣው፣ ፍሬዎቹን እናቴ ፈትላ ሰም በቀባችው ክር ላይ ሰካናቸው። አባቴ የመጀመሪያዋን የእኔን ጎርባጣ ሊጥላት ሲል፣ እናቴ «ያለውን የወረወረ ፈሪ አይባልም» ብላ ከእጁ ቀምታ አስገባቻት። የንስሐ አባታችን መቁጠሪያውን ተቀብለው በአውራ ጣታቸው እያሳለፉ ጎርባጣዋ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«አባ፣ ይፍቱኝ፤ ይቺ ጠማማ ናት» አለ አባቴ አቀርቅሮ።

«ይቺንማ እንዳትነኩብኝ። ጸሎት ላይ ቆሜ ሐሳቤ ከብት ፍለጋ ሲሄድ፣ የምትመልሰኝ ይቺ ናት» አሉት።

አባቴ ውሎ አድሮ በግራ እጁ ቀንበር መጥረብ ለመደ፤ ለሞፈሩ ሰው ያግዘው ነበር። መቁጠሪያው ደግሞ አባ ሲያርፉ ወደ እኛ ተመለሰና ዛሬ ጎንደር በምኖርበት ቤት አልጋዬ ራስጌ ተሰቅሏል። ጣሪያዬ አያፈስም፣ ወተቱም ከሱቅ ይመጣል፤ አባቴ ያመሰግንባቸው የነበሩት ነገሮች ሁሉ ሞልተውልኛል፤ ምስጋናው ግን እንደ ያኔው ቶሎ ከአፌ አይወጣም። በንግሥ ዕለት የገዛሁት የፕላስቲክ መቁጠሪያም አለኝ፤ ፍሬዎቹ እኩል ስለሆኑ ሐሳቤ የትም ሲዞር ጣቴ ሳይቆም ይጨርሰዋል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት የወይራውን አነሳለሁ። ጎርባጣዋ ጋ ስደርስ አውራ ጣቴ ይቆማል፤ እኔም እዚያው ቆሜ የማመሰግንበትን የዕለቱን አንድ ነገር እፈልጋለሁ። ዛሬ ጠዋት፣ «ልጄን ሳሏ ስለተዋት ተመስገን» አልኩ።