የሆግቭሊቱ ባለጠመንጃ

የእህቴ ባል አሳምነው ጠመንጃ የገዛው በሚኖርባት የሮተርዳም ሰፈር በሆግቭሊት ጦርነት ስለተነሳ አይደለም። አባቱ በስልክ ስለነዘነዙት ነው።

አባቱ ጋሽ አበጋዝ መንዝ ውስጥ የታወቁ ተኳሽ ናቸው። ከገጠር ወጥተው ከተማው ቴሌ ድረስ መጥተው ሲደውሉ በመጀመሪያ ስለ ጤና ይጠይቃሉ፤ ቀጥሎ ስለ ሥራ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉና «ልጄ፣ መሣሪያ ገዛህ?» ይላሉ። አሳምነው «አልገዛሁም አባባ» ይላል፤ በዚያኛው ጫፍ ያለው ዝምታ የስልክ ካርዱን ይበላዋል። አሳምነው የሚሠራው ሮተርዳም ወደብ አጠገብ ካለ የፍራፍሬ መጋዘን ነው፤ ፎርክሊፍት እየነዳ የሙዝ ካርቶን ይቆልላል። ለዚህ ሥራ ጠመንጃ እንደማያስፈልግ ሊያስረዳቸው ሞክሮ ነበር። «ታዲያ ሙዙን ማን ይጠብቀዋል?» አሉት።

እኛ እንስቃለን፤ እሱ ግን አይስቅም ነበር። አሳምነው የበኩር ልጅ ነው። እነሱ ቤት አባት ልጁን ሙሉ ሰው ሆነ የሚለው በጎረቤት ፊት መሣሪያ ሲያስጨብጠው ነው፤ አሳምነው ደግሞ ለዚያ ሳይደርስ ተሰደደ። ጠመንጃውን ታናሽ ወንድሙ አስራት ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ ጋሽ አበጋዝ «ወንዱ ልጄ» ሲሉ አስራትን ማለታቸው ነው። አንድ ቀን አሳምነው ሳህን እያጠበ ይህን ነገረኝና «እኔስ ምናቸው ነኝ?» አለኝ። ቀልድ ላበጅለት አስቤ ነበር፤ ዓይኑን ሳየው ሳህኑን ተቀብዬ ማድረቅ ጀመርኩ።

በሁለት ሺህ አምስት፣ በፈረንጆቹ፣ ሮተርዳም ውስጥ ወዳለ አንድ የአደን ዕቃ ሱቅ ገባ። የአየር ጠመንጃ ለአዋቂ ሰው ያለ ፈቃድ እንደሚሸጥ ከሥራ ባልደረባው ሰምቷል። ሻጩ ቀለል ቀለል ያሉትን ደረደረለት። አሳምነው ሙክት እንደሚገዛ ሰው አንድ በአንድ እያነሣ መዘነና «ከበድ ያለ የለህም?» አለ። ሻጩ ትልቁን አወጣለትና መከረው፤ ውስጡ ያለው ሞላ ኃይለኛ ነው፣ ለመወጠር ያደክማል፣ ይራገጣል፣ እስኪለምዱት ብዙ ወር ይፈጃል። አሳምነው ከዚህ ሁሉ የሰማው «ኃይለኛ» የሚለውን ብቻ ነው።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለችው ቤታቸው ለሰውም ጠባብ ናት። ጠመንጃው አልጋ ሥር አልገባ አለ፤ ሶፋ ጀርባ ሲያስቀምጡት ግማሹ ወጥቶ እንግዳ ይመለከታል። ቁም ሣጥን ውስጥ አቆሙት፤ እህቴ ይመኙሻል ካፖርቷን ስትስብ በሰደፉ እግሯን አላት። እያነከሰች መጥታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ርግብ ትመታበታለህ?»

«ክልክል ነው።»

«ጥንቸልስ?»

«ክልክል ነው።»

«ይዘኸው ትወጣለህ?»

«በሣጥኑ ተቆልፎ ካልሆነ ክልክል ነው።»

«እሺ፣ ሌባ ቢመጣስ?»

አሳምነው አሰበ። «እስክወጥረው መታገሥ አለበት» አለ።

«ላም አለኝ በሰማይ!» ብላ ተነሣች።

በሚቀጥለው ስልክ ግን «ገዛሁ አባባ» አለ። ጋሽ አበጋዝ ቴሌ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮኹ። «ስንት ጎራሽ ነው?» «አንድ።» «እንደ ውጅግራ በለኛ! ክብደቱስ?» «ከእርስዎ ምንሽር ይከብዳል።» «እሰይ! ጥይቱስ?» እዚህ ላይ መስመሩ ተቋረጠ። አሳምነው የሆላንድ ቴሌ ነው ቢልም፣ ይመኙሻል ጣቱ ከስልኩ ላይ ሲነሣ አይታዋለች። ጥይቱ ከምስር ፍሬ ብዙም አይበልጥም ነበር።

አንዴ ገዛሁ ካለ በኋላ መተኮስ መቻል አለበት። እኔና ባሌ ወልደየስ ዞተርሜር በምትባል ሌላ ከተማ ውስጥ ጓሮ ያለው ቤት አለን፤ ስለዚህ የእህቴ ቤት ፈተና ወደ እኔ ቤት ተዛወረ። ወልደየስ ከጡብ ግድግዳው ሥር የአሸዋ ከረጢት ቆለለለት፤ ከፊቱ የማርማላታ ክዳን ሰቀሉ። አሳምነው ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ክዳኑ ዙሪያ ያለውን ሁሉ መታ፤ የአልጋ አንሶላዬንም ጨምሮ። አብሮ የተሸጠለት ማነጣጠሪያ መነጽር በንቅናቄው ብዛት ውስጡ ተፈታና እንደ ጸናጽል ይሰማ ጀመር። ችግሩ የገባው ቆይቶ ነው። ሞላው ሲፈታ ጠመንጃው ጥይቷ ከአፈሙዙ ሳትወጣ ወደ ኋላም ወደ ፊትም ይዘላል፤ ሰው ጨብጦ ላስቀርህ ካለው ደግሞ ያኮርፍና ጥይቷን ወደ ፈለገበት ይልካታል። እንደ ተኛ ሕፃን መዳፍ ላይ ማሳረፍ ብቻ ነው መፍትሔው። በሚቀጥለው በጋ ክዳኑን መሳት አቆመ።

ከዚያም ጋሽ አበጋዝ ቪዛ አገኙ።

ስኪፕሆል ላይ ጋቢያቸውን ለብሰው ወጡ፣ ልጃቸውን አገላብጠው ሳሙትና «የታለ?» አሉ። አውሮፕላን ማረፊያ ይዞት እንዲመጣ ጠብቀው ኖሯል። ሆግቭሊት ሲደርሱ ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ ጠመንጃውን ተቀብለው መዘኑት። «እውነትም ከባድ ነው» አሉ። ከዚያ አፈሙዙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው አዩና ልጃቸውን አዩት። «ጉሮሮው ጠባብ ነው» አሉና መለሱለት። ያን ሌሊት በአሳምነው ዓይን እንቅልፍ አልዞረም።

ቅዳሜ እኛ ጓሮ ተሰበሰብን። አሳምነው የጥይቱን ቆርቆሮ ከፍቶ አንዲት ጥይት አባቱ መዳፍ ላይ አኖረ። ጋሽ አበጋዝ መነጽራቸውን አደረጉ።

«ምንድን ናት ይቺ?»

«ጥይቱ ናት አባባ።»

ወልደየስ ውኃ ላምጣ ብሎ ወደ ቤት ሮጠ፤ ሳቁ በኩሽናው መስኮት ይሰማል። አሳምነው እንደዚያ ሲያልበው አይቼው አላውቅም። «አባባ፣ ሰው አይገድልም። ጅብም አይገድልም። እዚህ አገር ከዚህ የተሻለ መያዝ አልችልም። ሁልጊዜ ሲጠይቁኝ የለኝም ማለት ሞት ሆነብኝ፤ አለ እንድልዎት ነው የገዛሁት» አለ።

ሽማግሌው ጥይቷን በጣታቸው አገላበጧት። «ወጥረው» አሉ።

ተቀብለው ትከሻቸው ላይ ተከሉት፤ ምንሽር እንደሚጨበጥ፣ በሙሉ ክንዳቸው ጨበጡት። ተኮሱ። የጣሪያው አሸንዳ ጮኸ። እንደገና ተኮሱ፤ የአበባ ማስቀመጫዬ ተሰነጠቀ። ሦስተኛዋ የት እንደገባች እስከ ዛሬ አይታወቅም። ከሸንተረር ሸንተረር ይመታሉ የተባለላቸው ሰው፣ ድንጋይ ብንወረውር ከምንመታው ክዳን ፊት ቆመው ፊታቸው ጠቆረ። ጠመንጃውን ቢሳደቡ ደስ ባለኝ። አልተሳደቡም። ሌላ ጥይትም አልጠየቁም።

ጎረቤታችን ሪያ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ «ሁሉ ደህና ነው?» አለች በደችኛ።

«ያ፣ ያ» አልኳት፤ በእነሱ አፍ አዎ ማለት ነው። ምንም ደህና አልነበረም።

አሳምነውን አየሁት። ዝም ቢል አባቱ ተዋርደው አገራቸው ሊገቡ ነው። ቢናገር ደግሞ በመጫወቻ ጠመንጃ አባቱን ሊያስተምር የተነሣ ባለጌ ይሆናል፤ «ወንዱ ልጄ» የምትለዋን ቃል እስከ ዕለተ ሞቱ አይሰማትም። ሁለት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቀረበ።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና… በጣም ጨበጡት። ይሄ ሲጨብጡት ያኮርፋል። መዳፍዎ ላይ ብቻ ያሳርፉት።»

ጋሽ አበጋዝ ዞሩ። እኔ የማሰጣውን አንሶላ ፊቴ ላይ ጋረድኩት።

«ማነው ያለህ?»

«ማንም አላለኝ። ክዳኑን ስስት ስስት ከርሜ ነው የገባኝ።»

ሽማግሌው ጠመንጃውን ከትከሻቸው አወረዱ። ከዚያ ታናሽ ለታላቁ እንደሚያቀብል፣ በሁለት እጃቸው ለልጃቸው ዘረጉለት።

«አሳየኝ» አሉ።

አሳምነው ተኮሰ፤ ክዳኑ ኪው አለ። አልፎከረም፤ ጠመንጃውን ወጥሮ መለሰላቸውና ከኋላቸው ቆሞ የግራ እጃቸውን ጣቶች አንድ በአንድ ከፈታቸው። እሳቸውም እንደ ተማሪ ትንፋሻቸውን ይዘው ታዘዙት። ተኮሱ፤ ክዳኑ ተሽከርክሮ ወደቀ።

ጋሽ አበጋዝ ጋቢያቸውን ወደ ኋላ ወረወሩ። ባዶውን ጠመንጃ ወደ ሰማይ አንሥተው የዞተርሜርን ጡብ እየረገጡ «ዘራፍ! ዘራፍ የአሳምነው አባት! የባለመሣሪያው አባት!» አሉ። ከየጣሪያው ርግቦች ተነሡ። ወልደየስ የውኃውን ብርጭቆ ይዞ በር ላይ ደርቆ ቀረ።

«ምንድን ነው የሚሉት?» አለችኝ ሪያ።

«የዚህ ሰውዬ አባት ነኝ ነው የሚሉት» አልኳት።

«እንዴ! እስከ ዛሬ አያውቁም ነበር?»

መልስ ፍለጋ ወደ አሳምነው ዞርኩ። ጀርባውን ሰጥቶን ግድግዳው ሥር ተንበርክኳል፤ ምንም ያልሆኑትን የአሸዋ ከረጢቶች እያነሣ መልሶ ያስቀምጣቸዋል።