በኤርሚያስ ስም «አለሁ» ያልኩ ለት

ለንስሐ አባቴ ብዙ ኃጢአት ተናዝዣለሁ፤ ይህን ግን ሁልጊዜ እዘለዋለሁ። ለአንተ የምነግርህ ፊቴን ስለማታይ ነው።

ኤርሚያስ እዚህ ባሕር ማዶ፣ ራንድል በሚባል ሰፈር፣ አንድ ቤዝመንት ተጋርተን የምንኖር ጓደኛዬ ነበር። ዲጂታል ሥዕል መሰብሰብ ይወዳል። ሥዕሎቹን የሚያሳይበት፣ አዲስ አበባ ካለችው እህቱ ከሰናይት ጋርም የሚጻጻፍበት ድረ ገጽ በይለፍ ቃል አይከፈትም፤ ስልክህ ላይ ባለው የዲጂታል ገንዘብ ቦርሳ፣ በክሪፕቶ ዋሌትህ፣ አንድ ቁልፍ ነክተህ መልእክት ፈርመህ ነው የምትገባው። እኔንም ሊያስተምረኝ ሞክሯል። «ሳይን ከማድረግህ በፊት አንብብ፤ የሳይቱንም አድራሻ ቼክ አድርግ። ሎግ ኢን ብቻ ከሆነ ምንም አይወስድብህም። ሌላ ነገር አፕሩቭ አድርግ፣ ፍቀድ ካለህ ግን ዝጋውና ውጣ» ይለኝ ነበር። እኔ ጠበቃ ሆንክብኝ እያልኩ እስቅበታለሁ።

አንድ ቀን ዳውንታውን፣ መሃል ከተማ፣ ሥራ ላይ እንዳለ ልቡ ቆመ። የእድራችን ሽማግሌዎች መከሩ። ከሰናይት ጋር የሚኖሩት እናቱ እትዬ አበበች መርዶ በስልክ አይሰሙም፤ እሑድ ንጋት ላይ ዘመድ ሄዶ ያረዳቸዋል ተባለ። እስከዚያ ማንም ትንፍሽ እንዳይል ተማማልን።

ቅዳሜ ጠዋት የኤርሚያስ ስልክ እጄ ላይ ነበር፤ መክፈቻውንም አውቀዋለሁ። በዚያ ሳምንት በማይረባ ነገር ተኳርፈን ነበርና ስለ እኔ ለእህቱ ምን እንደጻፈ ማየት ፈለግኩ። ሐዘን ላይ ተቀምጬ ሐሜት ፍለጋ! ድረ ገጹን ስከፍት ዋሌቱ የሚፈረመውን መልእክት አወጣ፦ «የዚህ ዋሌት ባለቤት እኔ መሆኔን አረጋግጣለሁ። ይህ ፊርማ ምንም አያስከፍልም።» አነበብኩት። ፈረምኩ።

ስለ እኔ አንዲት ክፉ ቃል አልጻፈም። በስሙ አጠገብ ግን አረንጓዴ መብራት በራ፤ ወዲያው የሰናይት መልእክት መጣ። «ኤርሚ፣ አለህ? እማዬ በሕልሟ አይታህ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም።» ዝም ብል መርዶው ይበላሻል ብዬ ነው? ወይስ መያዝ ፈርቼ? ጣቴ «አለሁ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው» ብሎ ጻፈ። ጣቴ አልኩ? እኔ ነኝ የጻፍኩት። ደንግጬ ከድረ ገጹ ሳልወጣ ስልኩን ደፍቼ አስቀመጥኩት።

ያን ምሽት እትዬ አበበች እህል መቅመሳቸውን ሰማሁ። በንጋታው መርዶ ነጋሪዎቹ ሲመጡ ግን «ልጄ ትናንት አለሁ ብሎኛል፣ ቤት ተሳስታችኋል» ብለው መለሷቸው። የተቀበረው እዚህ ነው፤ ሬሳውን አላዩም። የቀብሩ ፎቶ ቢላክላቸው «ሰው ይመሳሰላል» አሉ። እስከ ዛሬ ጥቁር አልለበሱም፣ አላለቀሱም። ሰናይትም መሞቱን ብታምንም በእናቷ ፊት ማልቀስ አትችልም።

ስልኩን መጣል አቃተኝ፤ ቻርጅ እያደረግኩ መሳቢያ ውስጥ አኑሬዋለሁ። አረንጓዴው መብራት እስካሁን እንደበራ ነው። ልውጣና ላጥፋው ስል ኤርሚያስን ሁለተኛ የምገድለው ይመስለኛል። በየቅዳሜው ጠዋት ስልኩ መሳቢያው ውስጥ ይንቀጠቀጣል፤ እናትየው ናቸው በሰናይት እጅ የሚያስጽፉት፦ «ኤርሚ፣ አለህ?»

ሰው የሚታለለው ሳያነብ ፈርሞ ነው። እኔ ግን አንብቤ፣ ገብቶኝ፣ የሌላ ሰው መሆኑን እያወቅኩ ፈረምኩ። ምንም አያስከፍልም የሚለውም እውነት ነው፤ እኔን አላስከፈለኝም። የሚከፍሉት እሳቸው ናቸው።

ይቅር በለኝ አልልህም። የእናትን ልቅሶ የቀማሁ እኔ ነኝ። ዛሬም ቅዳሜ ነው፤ ይህን ስጽፍ መሳቢያው እየተንቀጠቀጠ ነው፣ እኔም እውነቱን ልነግራቸው ገና አልደወልኩላቸውም።