የዶርማችን ኮት

ኮት ማለት ከሸሚዝ በላይ የሚደረብ፣ አንድ ሰው የሚለብሰው ልብስ ነው። በደርግ ዘመን ዩኒቨርሲቲ ሳለን ግን ዶርማችን ውስጥ ኮቱ አንድ፣ ለባሾቹ ስድስት ነበርን። ባለቤቱ ታደሰ ቀጠሮ ላለው ሁሉ ያውሰው ነበር።

አንድ ቅዳሜ ተራዬ ደረሰና ሴሚስተሩን ሙሉ የተመኘኋትን ሰናይትን ፒያሳ ፊልም ጋበዝኳት። በር ላይ ትኬቶቹን ኪሴ ልከት ስል እጄን ያዘችኝ።

«ኧረ እዚያ እንዳትከት፤ ቀዳዳ ነው!»

«በምን አወቅሽ?»

«ባለፈው ቅዳሜ ከጓደኛህ ጋር ስመጣ፣ ትኬቱን ከገበሩ ውስጥ ስንፈልግ ፊልሙ አለፈን። ለመሆኑ ኮቱ የማነው?»

«የታደሰ» አልኩ፣ ምን ይደረግ።

«ታዲያ እሱ ምን ለብሶ ይወጣል?»

«እሱማ አይወጣም፤ ያጠናል።»

«አስተዋውቀኝ።»

ሲጋቡ ሚዜ ነበርኩ። ኮቱን ታደሰ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ቀን ነው። ኪሱ ተሰፍቷል።