ለግራ እጄ የሚሆን መጋዝ

«መርካቶ ወንድ ይዘሽ ሂጂ» ያላለኝ ሰው የለም። ጎረቤቴ አለችኝ፣ የሥራ ባልደረባዬ አለኝ፣ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች የማላውቃት ሴትዮ ሳትቀር አለችኝ። ሽንኩርት ወይም የመጋረጃ ጨርቅ ልገዛ ብሄድ ማንም ወንድ ያዢ አይለኝም ነበር። የምገዛው መጋዝ መሆኑን ሲሰሙ ግን ሁሉም በአንድ አፍ ወንድ አዘዙልኝ።

የፈለግሁት ትንሽ ነገር ነው። በባትሪ የሚሠራ፣ በእጅ የሚያዝ፣ ሰንሰለቱ እየተሽከረከረ ቅርንጫፍ የሚቆርጥ መጋዝ። ቤንዚን የሚጠጣውን፣ ሲነሳ ሰፈር የሚያናውጠውን ትልቁን መሸከም አልችልም። በገመድ የሚሠራው ደግሞ መብራት ይፈልጋል፤ መብራት በዚያን ጊዜ መጣ ሲሉት የሚሄድ ነገር ነበር።

ምክንያቱ እናቴ ናት። ቤታችን ከተማው ጫፍ ላይ፣ ተዳፋት ላይ ነው ያለው። ከቤቱ በር እስከ ውጪው በር ድረስ በግቢው መሀል የምትወርድ፣ ትንሽ መኪና የምታሳልፍ መንገድ አለች። ክረምቱን ቀጋው ከግራ፣ የባሕር ዛፉ ቡቃያ ከቀኝ ተያይዘው መንገዷን ዘጓት። እናቴ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ የምትሄደው ባለ አራት እግር መደገፊያ ይዛ ነው። አንድ ቀን ቅርንጫፍ ነጠላዋን ያዘባትና ወደቀች። ከዚያ በኋላ ከበሩ ማለፍ ተወች። ቤተ ክርስቲያን ቀረ፣ ዕድር ቀረ፣ ጎረቤት መጠየቅ ቀረ።

ታናሽ ወንድሜ ይህን ሲያይ ገጀራ አላነሳም። ፍርድ ነው የሰጠው። «ግቢው ጫካ ሆኗል። እማዬ ከእንግዲህ እዚህ መኖር አትችልም፤ ወደ እኔ እወስዳታለሁ» አለ። የእሱ ቤት ኮንዶሚኒየም ነው፤ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የሌለው። የራሷን ደጃፍ ደረጃ በመደገፊያ በመከራ የምትወርድ ሴት አራተኛ ፎቅ! አንዴ ከወጣች የምትወርደው በሰው ትከሻ እንደሆነ እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል።

«ሠራተኛ ቅጠሪና ይመንጥረው» ትሉኝ ይሆናል። ተሞክሯል። ባለፈው ዓመት ወንድሜ ራሱ አንድ ባለ መጥረቢያ ላከልን። ቅርንጫፍ አሳጥር ተብሎ የመጣ ሰውዬ እናቴና አባቴ የተከሉትን ወይራ ከሥሩ ገንድሶ፣ ላቡን እየጠረገ፣ «አጸዳሁላችሁ» አለን። እናቴ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። ወንድሜ በስልክ ሲሰማ «ዛፍ ነው፤ ምን ሆነ?» አለ። እሷም ከእንግዲህ የማታውቀው ሰው መጥረቢያ ይዞ ግቢዋን እንዳይረግጥ ማለች። እኔ አልፈርድባትም። ስለዚህ ቀጋውን የምቆርጠው እኔው ነኝ አልኩ፤ ወንድሜም ሳቀና እስከ ቅዳሜ ጊዜ ሰጠኝ።

መርካቶም ይዞኝ የሄደው እሱ ነው። እኔ አልጠራሁትም። «ብቻሽን ከሄድሽ ይሸውዱሻል» ብሎ ራሱን ሾመ። እኔ ደግሞ የእጄን አንጓ የሚያህል የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ በጋዜጣ ጠቅልዬ በብብቴ ይዤ ነበር። ወንድሜ ይህን ሲያይ እንደማያውቀኝ ሰው ቀድሞኝ መራመድ ጀመረ። ምን አለሽ ተራን ስናልፍ፣ በመዶሻው ጩኸት መሀል አንድ ተሸካሚ ጭነቱን እንዳዘለ ቆም አለና «እትዬ፣ ማገዶ ወደ መርካቶ ይመጣል እንዴ?» አለኝ። በዙሪያው ያሉት ሁሉ ሳቁ። ይሳቁ። መርካቶ ከሱቅ የወጣ ዕቃ እንደማይመለስ የማያውቅ የለም። አምፖል ሳይበራ፣ ሬዲዮ ሳይናገር የሚከፍል ሰው አይታችኋል? መጋዝ ታዲያ በምን ይፈተናል፣ በአየር?

የመጀመሪያው ሱቅ ገባን። «ሰንሰለቱ ሲላላ የሚጠብቀው በመፍቻ ነው ወይስ በእጅ?» ብዬ ባለሱቁን ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ እሱ በጣም ቀላል ነው» አለ ወንድሜን እያየ።

«ባትሪውስ ለብቻው ይሸጣል? ሁለተኛ ብፈልግ አገኛለሁ?»

«ጋሼ፣ ለባትሪው አያስቡ። እኔ አለሁ።»

ወንድሜ ራሱን ይነቀንቃል። አምፖል ለመቀየር ሰው የሚጠራ ሰው፣ ስለ ሰንሰለት እየተነገረው እንደ መሐንዲስ ራሱን ይነቀንቃል! «የጠየቅሁህ እኔ ነኝ። የምገዛውም እኔ ነኝ» አልኩት ባለሱቁን። «እሺ እትዬ፣ ይቅርታ» አለና መልሶ ወደ ወንድሜ ዞረ። ከመንገድ ጀምሮ ሳንጠራው የተከተለን ደላላ በሩን ተደግፎ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» አለ። ወንድሜም አብሮት ሳቀ።

ይህን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ። በወንድ የሚያልቀው ነገር ምን እንደሆነ ግን የነገረኝ የለም። እኔ በዓይኔ ያየሁት ያለቀ ነገር ወይራው ብቻ ነው። ደሜ ፈልቶ ከሱቁ ወጣሁ።

ሁለተኛው ሱቅ ሁለት ዓይነት ባትሪ ነበረው፤ አንዱ ላይ ትልቅ ቁጥር፣ ሌላው ላይ ትንሽ ቁጥር ተጽፏል። ባለ ትልቁ ቁጥር ዋጋውም ትልቅ ነው። «ጉልበቱ እጥፍ ነው» አለን ሻጩ። አንዱን በዚህ እጄ፣ ሌላውን በዚያ እጄ ይዤ መዘንኳቸው። ክብደታቸው አንድ፣ መልካቸው አንድ። የተለጠፈውን ወረቀት በጥፍሬ ጫር ሳደርገው ተነሳ፤ ከሥሩ ያው ትንሹ ቁጥር ቁጭ ብሏል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«እትዬ፣ ፋብሪካው ነው እንደዛ ያደረገው።»

«ፋብሪካው ጓሮህ ነው ያለው?»

እሺ፣ ባለ ትንሹንስ ሞክርልኝ ብለው ባትሪው ባዶ ነው፤ መብራት ጠፍቷል። «ቤትዎ ወስደው ቻርጅ ያድርጉት፤ ችግር የለውም» አለኝ። ሲቆርጥ ሳላየው ከፍዬ ልውሰድ ማለቱ ነው። ወንድሜ ግን «ሰውዬው እውነቱን ነው፤ መብራት ጠፍቶ ምን ያድርግ?» ብሎ ጠበቃ ቆመለት። እንዳልሸወድ አብሮኝ የመጣው ይኸው ወንድሜ ነው!

ሦስተኛው ሱቅ ደጁ ላይ ጀኔሬተር እየተንደቀደቀ ስለነበር ባትሪው ሙሉ ነበር። ሻጩ ሦስት መጋዝ አወረደና የመጀመሪያውን አንስቶ አቀበለ። ለማን? ለወንድሜ። ወንድሜ ማስነሻውን ጨመቀው፤ ዝም አለ። ደግሞ ጨመቀው። ነቀነቀው። «ተበላሽቷል» ብሎ ፈረደ። ሻጩ ማስነሻውን ከመጨመቅ በፊት ጎኑ ላይ ያለችውን መቆለፊያ በአውራ ጣት መግፋት እንደሚያስፈልግ በትሕትና አሳየው፤ ጣት እንዳይቆርጥ የተሠራች ናት።

ተቀበልኩትና ሞከርኩት፤ አልሆነልኝም። እኔ ግራኝ ነኝ። መቆለፊያዋ ያለችው የቀኝ እጅ አውራ ጣት የሚያርፍበት ጎን ብቻ ነው፤ በግራ እጄ ስይዘው አውራ ጣቴ በወዲያኛው ጎን ይቀራል።

«እሷ እኮ ግራኝ ናት» አለ ወንድሜ፣ ሕመም እንዳለብኝ እንደሚያስታውቅ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ውይ! ታዲያ ለምን ደከማችሁ?» አለ ሻጩ። «ይሄ ለግራኝ አይሆንም፤ እጃቸውን ነው የሚቆርጡት። ጋሼ ይያዙላቸው።»

ያን ጊዜ የተሰማኝ ንዴት የዚያን ቀን ንዴት ብቻ አልነበረም። አንደኛ ክፍል ሳለሁ አስተማሪያችን ግራ እጄን በማስመሪያ ጠርዝ እየመታ በቀኝ መጻፍ አስተምሮኛል። በቀኝ እጽፋለሁ፣ በቀኝ እበላለሁ፣ በቀኝ እጨብጣለሁ፤ ለሰው ዓይን የሚሆነው ሁሉ በቀኝ ነው። ቢላ፣ መቀስ፣ መጥረቢያ ሲሆን ግን ጉልበቴና ልኬ ግራ እጄ ላይ ነው። ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ሲቀረኝ፣ በገዛ ገንዘቤ በምገዛው ዕቃ ላይ፣ እጄ አሁንም ጥፋተኛ ሆኖ ቆመ። ሻጩ ዕቃው ለእኔ እንደማይሆን አልነገረኝም፤ እኔ ለዕቃው እንደማልሆን ነው የነገረኝ።

«ሌሎቹን አምጣቸው» አልኩት።

ሁለተኛው ረጅምና ከባድ ነበር፤ መቆለፊያውም ያው በአንድ ጎን ነው። ሦስተኛው ከሁሉም ያንሳል፤ መቁረጫው ስንዝር አይሞላም። ባትሪውን አስወጥቼ መጋዙን በግራ እጄ ያዝኩት። መቆለፊያው በሁለቱም ጎን አለው። አውራ ጣቴ ሳትፈልገው አገኘችው።

«ይሄማ መጫወቻ ነው» አለ ወንድሜ።

«ልክ ነው፤ ለጋሼ የሚሆነው ትልቁ ነው» አለ ሻጩ።

«ጋሼ አይቆርጡም» አልኩት። «ጋሼ የሚያስቆርጡ ናቸው። ባትሪውን መልስልኝ።»

ጋዜጣውን ፈትቼ ቅርንጫፉን የሱቁ ደረጃ ላይ ጫፉ ወደ ውጪ እንዲወጣ አጋደምኩት፤ ወዲህኛውን በእግሬ ረገጥኩት። መጋዙ ጮኸ፣ እንጨቱን ነካ፣ በላው። ጫፉ መሬት ወደቀ፤ ጫማዬ ላይ ሰጋቱራ ተነሰነሰ። ቆመው ከሚያዩት አንዱ «እንዴ!» አለ። ደግሜ ቆረጥኩት፤ አንዴ በአጋጣሚ ነው እንዳይሉኝ። ሻጩ ፈገግ አለ፤ መጋዙን ተቀበለኝና ወንድሜን «ልጠቅልለው ጋሼ?» አለው። ገንዘቡን ግን ከእኔ ተቀበለ። የሰንሰለቱን ዘይት ሳይሰጠኝ ሊቀር ሲል ያስታወስኩትም እኔው ነኝ።

ታክሲ ውስጥ ወንድሜ «እንግዲህ ቅዳሜ መኪና ይዤ እመጣለሁ» አለኝ።

«ከጠረግሁትስ?»

«ጠረግሽውም አልጠረግሽውም፣ እቴቴ፤ ነገሩ ያለቀ ነው። ክፍሉን እኮ ቀለም አስቀብቼዋለሁ።»

«ታዲያ ቀኑን ሙሉ ለምን ተከተልከኝ?»

«እንዳይሸውዱሽ ነዋ።»

 

ከዚያ ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመሄዴ በፊት እቆርጥ ጀመር። መጋዙ ትንሽ ስለሆነ አንድ አንድ ቅርንጫፍ ነው የሚጥለው፤ ባትሪው ሲያልቅ መብራት ከሌለ እንደገና ጥበቃ ነው። ቀጋው ክንዴን ቧጨረኝ። እናቴ በሩ ላይ ወንበር አስወጥታ ተቀምጣ ታዘኛለች፤ «ያንን ጣይው፤ ኮሽሙን ተይው፤ ከታች ጀምሪ እንጂ አንቺ!» ትለኛለች። ከወይራው ወዲህ በግቢዋ ጉዳይ ስታዝ የሰማኋት ያን ሰሞን ነው። ዓርብ ማታ መንገዷ ከበር እስከ በር ወለል ብላ ታየች።

ቅዳሜ ወንድሜ መጣ። ውጪው በር ላይ ቆሞ መንገዱን አየና ፊቱ በራ። እውነቱን ልናገር፣ የሚያፍር መስሎኝ ነበር። «ጎበዝ እቴቴ!» አለኝ። «አሁን መኪናው እስከ ቤቱ ደጃፍ ድረስ ይገባል። እማዬን ሳናንገላታት እናወጣታለን።»

ቅርንጫፍ ሰብስቤ ታቅፌ ነበር፤ መሬት አስቀመጥኩት። ክንዴን አስቧጥጬ፣ ባትሪ ጠብቄ፣ እናቴን የሚወስድበትን መንገድ የጠረግሁለት እኔ ነኝ። እሱ እንደሆነ ከልቡ ነበር ያመሰገነኝ፤ ከሁሉም ያንገበገበኝ ይሄ ነው።

እናቴ ድምፁን ሰምታ ነበር። የመደገፊያዋ እግሮች ድንጋዩ ላይ ቋ፣ ቋ ሲሉ ተሰሙ። ሊደግፋት ሊሮጥ ሲል በእጇ ተወኝ አለችው። ቀስ ብላ፣ መሀል መንገዱ ላይ እያረፈች፣ እሱ ያለበት ድረስ ወረደች። ሳመችው።

«እማዬ፣ ክፍልሽ እኮ ተዘጋጅቷል» አላት።

«ማን ጠየቀኝ?» አለችው። አልጮኸችም። «ልጄ፣ ይሄ መንገድ የተጠረገው እንድወጣበት ነው፤ እንድወሰድበት አይደለም።»

ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ፤ እኔ አላገዝኩትም። «ግባና ምሳህን ብላ» አለችው እናቴ። ገብቶ በላ። በልቶ ጨርሶ ሲነሳ እሷም መደገፊያዋን ይዛ ተነሳች፤ በጠረግሁት መንገድ አብራው ወረደችና እስከ ውጪው በር ድረስ ሸኘችው።