በሩን ያልከፈተው ሰውዬ

የረጠበ ኬሻ ሽታ አልወድም። ባለፈው ሳምንት ዝናብ ሲጥል ጎረቤቴ ነጋዴው በቆሎ የሞሉ ኬሻዎቹን በረንዳዬ ሥር ቢያስጠጋ፣ ምንም ሳያጠፋ ጮኽኩበት። ደግ ሰው ስለሆነ ግራ ገብቶት ይቅርታ ጠየቀኝ። አፈርኩ። ምን ብዬ ላስረዳው? ያ ሽታ የነቀምቴን ቪዲዮ ቤት ያመጣብኛል።

ቪዲዮ ቤቱ ከገበያው ጀርባ ነበር። ብርሃን እንዳይገባ ግድግዳውን ሁሉ በኬሻ አልብሰውታል፤ ጣሪያው ስለሚያፈስ ኬሻው ክረምቱን ሙሉ እንደራሰ ይከርማል። ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ተርጓሚ ይቆማል። እንግሊዝኛውን እየሰማ በኦሮምኛ ይነግረናል፤ ያልገባው ቦታ ሲደርስ ከራሱ ይጨምራል፤ ማን ይጠይቀዋል? አንዳንዴ ደግሞ "ከኋላ ያላችሁ ወሎዬዎች፣ ተኛችሁ እንዴ?" ብሎ በአማርኛ ይደግመዋል፤ ቤቱ በሳቅ ያውካካል።

ያን ጊዜ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ከጓደኛዬ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። እሷ ከአኖ የመጣች የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ልጅ ናት፤ እኔ ከዲጋ ወዲያ ካለው ሰፈራ፣ በድርቁ ዘመን ከወሎ ከመጡት ወገን። የተዋወቅነው በምዝገባ ሰልፍ ላይ ነው። አከራይዋ ሴትዮ የሰፈራ ልጅ፣ ያውም እስላም፣ ማስገባት ከብዷት ስታመነታ "እሷ ካልገባች እኔም አልገባም" ያለችልኝ ጓደኛዬ ነበረች። በእኛ ሰፈር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የለም። ያቺን ክፍል ካጣሁ ትምህርቴ አለቀለት ማለት ነው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት "ቪዲዮ ቤት እንሂድ" አለችኝ። እሷ ናት ያለችው፣ ይህን ልብ በይልኝ። "አባቴ ከሰማ ከትምህርቴ ያስወጣኛል፤ ለማንም እንዳትናገሪ።" ወላሂ ብዬ ማልኩላት።

ፊልሙ በበሽታ ባለቀ ከተማ ውስጥ ብቻውን ስለቀረ ሰውዬ ነበር። በሽታው የያዛቸው ሰዎች ሰውነታቸው ተለውጦ፣ ብርሃን እየሸሹ በየፎቁ ሥር ተደብቀው ይውላሉ፤ ኮቴ ሲሰሙ እየተንጋጉ ይወጣሉ። ሰውዬው ብቸኝነቱ ሲብስበት ምግቡን በሁለት ሰሃን ያቀርባል፤ አንዱን ይበላና ሌላውን ቁጭ ብሎ ያየዋል። አንድ ቀን አንዲት ሴት መጥታ በሩን አንኳኳች። ጤነኛ ናት። እሱ ግን በሽታው ይዟት ይሆናል ብሎ ፈራና አልከፈተላትም። በማግስቱ ሲወጣ ደጁ ላይ አንድ እግር ጫማዋን አገኘ። ተርጓሚው እንኳን እዚያ ላይ ከራሱ አልጨመረም። ጓደኛዬ እጄን ጨምቃ እያለቀሰች "ምናለ ቢከፍትላት! እኔ ብሆን እከፍት ነበር" አለችኝ። አመንኳት። አሥራ አምስት ዓመቴ ነው፤ ለምን አላምናትም?

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አጣች። በተኛች ቁጥር ትጮኻለች፣ ትወራጫለች፣ "መጡ፣ መጡ" ትላለች። አከራያችን ጩኸቱን ሰማች። ፊልም የሚባል ነገር በሐሳቧም ስለሌለ፣ ልጅቷን ክፉ መንፈስ ያዛት ብላ ደመደመች። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ አራት የጸሎት ሴቶች አስከትላ መጣች። ክፉ ሴቶች አልነበሩም፤ ሙዝ ይዘውልን ነበር የመጡት። ጓደኛዬን መሃል አስቀምጠው፣ እጃቸውን ጭነውባት፣ ድምፃቸው እስኪዘጋ ጸለዩላት። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይወርዳል። በመጨረሻ አከራያችን ጎንበስ ብላ "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አትፍሪ። በየት በኩል ነው የገባብሽ?" አለቻት።

ጓደኛዬ መጀመሪያ ሴቶቹን፣ ቀጥላ እኔን አየችኝ። ከዚያ ጣቷን ወደ አንገቴ ቀሰረች። አያቴ ያሰረችልኝ ክታብ ነበር። "ከእሷ ነው" አለች። "ያንን አስራ አጠገቤ መተኛት ከጀመረች ወዲህ ነው።"

የክታቡ ክር ተበጥሶ በገዛ መርፌዋ የሰፋችልኝ እሷ ናት። ስትሰፋልኝም "እኔንም ይጠብቀኝ" ብላ ስቃለች።

ቪዲዮ ቤት ሄደን ነው ልል አፌን ከፈትኩ። ብናገር አባቷ መጥቶ ይወስዳታል። ደግሞ ምያለሁ። ዝም አልኩ። አንደኛዋ ሴትዮ ከፊቴ የነበረውን ሙዝ ቀስ ብላ ወደ ራሷ ሳበችው። እስከ ዛሬ እንደዚያ ያሳፈረኝ ነገር የለም። በሽተኛ ተደረግኩ፣ በደህና ቀን፣ በሙሉ ጤናዬ።

"አልጠላሁሽም ልጄ፤ ግን ቤቴ የጸሎት ቤት ነው" አለችኝ አከራያችን።

ማክሰኞ አባቴ መጣ። ፍራሼን ጠቅልሎ አውቶቡሱ ላይ አስጫነ። ምን አጠፋሽ አላለኝም። "አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ" ይለኛል። ጓደኛዬ ልትሰናበተኝ አልመጣችም። እስከ ዲጋ ድረስ በመስኮት ወደኋላ ሳይ ነበር፤ ሞኝ ነኝ።

ሁለት ዓመት ያለ ትምህርት ቀረሁ። ማሳ ላይ ወፍ ስጠብቅ እውላለሁ። የክፍል ጓደኞቼ ሲያልፉ ሰላም ይሉኝና ይሄዳሉ፤ እኔም ሰው ሲርቅ ብቻዬን ማውራት ለመድኩ። በኋላ አባቴ ሌላ ክፍል ለምኖ አገኘልኝና ጨረስኩ። እሷም ጨረሰች፤ አስተማሪ ሆነች ሲሉ ሰማሁ።

አምና እናቷ ሞቱና ለቅሶ ልደርስ አኖ ሄድኩ። ለምን ሄድሽ አትበዪኝ። ድንኳኑ ውስጥ ስታየኝ ተነስታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ ብዙ አለቀሰች። ጉንጯ በጉንጬ ላይ ሆኖ፣ አሁን ይቅርታ ትለኛለች እያልኩ ጠበቅኩ። አንዲት ቃል ብቻ። ከዚያ እጄን ሳትለቅ ትንሽ ልጇን ጠራቻት።

"ይቺ ነቀምቴ አብራኝ የኖረች ጓደኛዬ ናት" አለቻት። "ቤቷ ናፍቋት ጥላኝ ሄደች።"

ፊቷን አየሁት። ስትዋሽ አውቃታለሁ፤ ይህን ስትል ግን አልዋሸችም። በእሷ ልብ፣ ባለፉት ዓመታት ሁሉ የተጣለችው እሷ ነበረች።

ልጅቷ ቀና ብላ "አዴ፣ እውነት ቤት ናፍቆሽ ነው?" አለችኝ።

የጓደኛዬ እጅ እጄ ውስጥ ነው። ያን ዕለት እናቷን የቀበረች ሴት ናት።

"አዎ" አልኳት። "በጣም ናፍቆኝ ነበር።"

ልጅቷ ፈቀቅ ብላ አግዳሚው ላይ ቦታ ለቀቀችልኝ።